ራስ መኮንን፦ ከፈረስ ስም እስከ ሻለቃ ዓርማ

የቃኘው ሻለቃን ዓርማና መታሰቢያ የሚያሰባስቡ ሰዎች ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው ጦር ወደ ኮሪያ ከዘመተበት ዓመት። ቃኘው ግን አስቀድሞ የፈረስ ስም ነበር። የፈረሱ ባለቤት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልም አባ ቃኘው ይባሉ ነበር።

በዘመናቸው የጦር መለያ በትከሻ ላይ የሚሰፋ ጨርቅ አልነበረም። ወታደሩ ሲፎክር የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል፤ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። መቃኘት አካባቢን መቃኘትም ነው፣ በገናን መቃኘትም፤ ለመኮንን ጠባይ ሁለቱም አይርቁም።

በ1844 ዓ.ም. የተወለዱት መኮንን በእናታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የምኒልክም የአክስት ልጅ ናቸው። ሐረር በ1879 ዓ.ም. ስትያዝ ገዥነቷን ተቀበሉ። በ1881 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ የገጠማቸው የዚያችው አገር ጦር ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ የሜጀር ቶሴሊ ጦር ሲደመሰስ አዛዡ እሳቸው ነበሩ። በመቀሌም የውኃ ምንጩ ተይዞበት የተጨነቀው የምሽጉ ጦር መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ በድርድሩም በሽኝቱም ዋነኛው ሰው መኮንን ነበሩ። ከዚያ ዐድዋ ላይ ተሰለፉ። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ተገኙ። መጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ ዐረፉ፤ ልጃቸው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ያ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ጦር ወደ ባሕር ማዶ ሲልኩ የአባታቸውን የፈረስ ስም ሰጡት። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እይታ ምርጫው የልጅነት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ከዐድዋ የጦር አለቆች መካከል ውጊያንና የውጭ አገር መልእክተኛነትን እንደ መኮንን ያጣመረ ማግኘት ያስቸግራል።

ሻለቃው በኮሪያ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። የክፍለ ጦሩ ዓርማ ቀይ ክብ ሲሆን፣ በመካከሉ ሁለት የሰባት ቁጥሮች ተገጣጥመው ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ይሠራሉ። ይህ ምልክት ከኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ ጋር አብሮ ቢገኝ እንግዳ አይደለም። ሰብሳቢውን ይበልጥ የሚያሳስተው ሌላ ነው፤ በአስመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ይባል ስለነበር፣ ስሙን ያየ ሁሉ የኮሪያ ዘማች ዓርማ አገኘሁ ማለት አይችልም።