ባክቴሪያን የሚበላውን ያገኘ ሰው፦ ፌሊክስ ዴሬል

ፌሊክስ ዴሬል በ1873 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ተወለደ። የሐኪምነት ዲፕሎማ አልነበረውም፤ የባክቴሪያን ጥናት የተማረው መጽሐፍ እያነበበና በገዛ እጁ እየሞከረ ነው። ይህን የምጽፈው ፈተና የሚፈሩ ጓደኞቼ ደስ እንዲላቸው አይደለም፤ ዴሬል ከብዙ ባለዲፕሎማ ይልቅ ይደክም ነበርና።

በ1910 ዓ.ም. ገደማ በሜክሲኮ አገር የአንበጣ መንጋ በበሽታ ሲያልቅ አይቶ፣ ገዳዩን ባክቴሪያ ለየ። ባክቴሪያውን በሰሃን ላይ ሲያሳድግ ግን አንዳንድ ጊዜ ምንም ያልበቀለበት ክብ ባዶ ስፍራ ያገኝ ነበር። ነገሩ ከልቡ አልወጣም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳይ ወታደሮች ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ተያዙ። በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ዴሬል የበሽተኞቹን ዓይነ ምድር ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርቶ፣ የተቅማጡ ባክቴሪያ በሚያድግበት ፈሳሽ ላይ ጨመረው። ደፍርሶ የነበረው ፈሳሽ በማግስቱ ጠርቶ ተገኘ። ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ቫይረስ ወደ ባክቴሪያው ገብቶ፣ ውስጡ ተባዝቶ፣ አፈንድቶት ይወጣል። ዴሬል ይህን በ1917 ዓ.ም. አሳተመ፤ ስሙንም ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለት ባክቴሪያ በላ፣ አለው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ትዎርት በ1915 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር።

በ1919 ዓ.ም. በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል አንድ የ12 ዓመት ልጅ በዚሁ ተቅማጥ ክፉኛ ታሞ ተኛ። ዴሬል መድኃኒቱን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት እርሱ ራሱና አንዳንድ ሐኪሞች ጠጡት። መነሻው ምን እንደ ሆነ እያወቁ! አንዳቸውም ሳይታመሙ አደሩ። ከዚያ ልጁ ጠጣ፤ በጥቂት ቀንም ዳነ።

ሆኖም እያንዳንዱ ፋጅ የሚገድለው የራሱን ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ነው። ይህን ሳይመረምሩ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለ በዙ ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱን ተጠራጠሩት። በ1940ዎቹ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድለው ፔኒሲሊን ሲመጣ ምዕራባውያን ፋጅን ተዉት።

ዴሬል ግን በ1930ዎቹ ወደ ጆርጂያ ሄዶ በትብሊሲ ከወዳጁ ከጊዮርጊ ኤሊያቫ ጋር ሠርቶ ነበር። ኤሊያቫን በ1937 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት በግፍ ገደለው። ዴሬልም ወደዚያ አልተመለሰም፤ በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። የትብሊሲው ኢንስቲትዩት ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ዛሬ በኤሊያቫ ስም ይጠራል፤ ባክቴሪያቸው አንቲባዮቲክን የተቋቋመባቸው በሽተኞችም ከሩቅ አገር ድረስ ወደዚያ ይሄዳሉ።