የካውንት ፎን ሮዘን የበረራ ሕይወት

ትናንሽ አይሮፕላኖችን ይዘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ከበረሩት የውጭ አገር ሰዎች መካከል፣ የስዊድኑን ተወላጅ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንን ያህል ሕይወታቸውን ከዚህች አገር ጋር ያቆራኙ ጥቂቶች ናቸው። አብራሪው በሦስት ልዩ ልዩ ዘመናት ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። በመጀመሪያው ቁስለኛ ለማመላለስ፣ በሁለተኛው የአየር ኃይል ለማቋቋም፣ በሦስተኛው ደግሞ ለተራበ ሕዝብ እህል ለማድረስ ነበር። ከሦስተኛው አልተመለሱም። የእኒህ ሰው ታሪክ የጀብዱ ታሪክ ብቻ አይደለም። አየሩ በድንገት ሲበላሽና መሣሪያ ሲከዳ፣ በሰው እጅ ምን እንደሚቀር የሚያሳይ በመሆኑ፣ ለሙያ ሰው ሊመረመር የሚገባው ነው።

ፎን ሮዘን የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን አገር ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን በአሳሽነት የታወቁ መኳንንት ሲሆኑ፣ በ1910 ዓ.ም. ለፊንላንድ ጦር የመጀመሪያውን አይሮፕላን በስጦታ ያበረከቱ ናቸው። በየካቲት ወር 1912 ዓ.ም. አባትየው በብርቱ የበረዶ ውሽንፍር ምክንያት ባቡር ስላጡ፣ አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ቀጥረው ከስቶክሆልም ወደ ቤታቸው በረሩ፤ አይሮፕላኑም ከግቢያቸው አጠገብ በበረዶ በረጋው ሐይቅ ላይ አረፈ። አብራሪው ሔርማን ጎሪንግ ይባል ነበር። ከዚያች ምሽት የተነሣ ጎሪንግ የልጁን አክስት አገባ፤ በኋላም የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። ይህ ዝምድና ፎን ሮዘንን ዕድሜ ልካቸውን የተከተለ ጥላ ሆኖ ኖረ። የሕይወታቸው አካሄድ ግን በተቃራኒው ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ላከ። ወጣቱ አብራሪም ሐይንከል በምትባል ባለድርብ ክንፍ ትንሽ አይሮፕላን ቁስለኞችን ለማመላለስ መጡ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በመሆኑ፣ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የስዊድኖቹ ጓድ ከራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ጋር በደቡብ ጦር ግንባር ሳለ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ በኢጣሊያ አይሮፕላኖች ተደበደበ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በስታዲየሙ አቅራቢያ የሚያልፈው ጎዳና የእኒሁ ራስ ስም የተሰጠው ነው። የቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤትም ለረጅም ዘመን የኖረው በዚሁ በራስ ደስታ ጎዳና ላይ ስለሆነ፣ የመልካ ዲዳ መታሰቢያና የማኅበሩ ደጃፍ በአንድ መንገድ ተገናኝተዋል።

የዚያን ጊዜው በረራ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት የአገሩን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለመብረር የበቁትም በ1922 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። ስለዚህ በጦርነቱ ዋዜማ መንገድ የሚያመለክት የራዲዮ ጣቢያ፣ የአየር ጠባይ የሚተነብይ ድርጅት፣ የተራሮችን ከፍታ በትክክል የሚያሳይ ካርታ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ የከፍታው ችግር ይጨመራል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለት ከባሕር ወለል በላይ በ2300 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚደገፉበት አየር ያው የሳሳው ነው። ለመነሣት የሚበቃው ሜዳ ይረዝማል፤ ከፊት የተደቀነውን ተራራ ለመዝለል የሚቀረው ትርፍ ጉልበት ግን እጅግ ጥቂት ይሆናል።

እንዲህ ያለችው አይሮፕላን በድንገት ደመና ውስጥ ስትገባ የሚደርሰው ነገር ለመሐንዲስ ልዩ ትርጉም አለው። በመጀመሪያ የሚከዳው የሰው አካል ነው። አድማስ ሲጠፋ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ይሳሳታል፤ አብራሪውም ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይወርዳል። ቀጥሎ የሚከዳው መሣሪያው ነው። በዚያ ዘመን በነበሩት ትናንሽ አይሮፕላኖች፣ መዞርን የሚያመለክተው ጋይሮስኮፕ ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው ከአይሮፕላኗ ጎን በተተከለ ጉሮሮው የጠበበ ቱቦ በሚገኝ የአየር ስበት ነበር። በደመና ውስጥ ያለው እርጥበት በቅዝቃዜ ኃይል በረዶ ሆኖ ቱቦውን ሲደፍን ጋይሮስኮፑ ይቆማል። ያው በረዶ የፍጥነት መለኪያውን አፍ ይዘጋል። ውጭው ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ እንኳ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁ ሲተን የሚፈጠረው ቅዝቃዜ በረዶ ጋግሮ ሞተሩን ሊያንቅ ይችላል። እንግዲህ ክፉ አየርና የመሣሪያ ብልሽት ለየብቻ የሚመጡ ሁለት አደጋዎች ሳይሆኑ፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። የአንዱን ዕድል በሌላው አባዝቶ አደጋው ኢምንት ነው ብሎ ማስላት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎን ሮዘን በዚህ ሁኔታ እየበረሩ ብዙ ቁስለኞችን ከጦር ሜዳ አወጡ። ጠላት በሚረጨው የሰናፍጭ ጋዝም ሰውነታቸው ተቃጠለ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባችው አይሮፕላናቸው በቆረም ሜዳ ላይ ቆማ ሳለ በኢጣሊያ አይሮፕላኖች ተደብድባ ጠፋች። ያችን አይሮፕላን ደመናውና ተራራው አላጠፏትም፤ ያጠፋት ምልክቷን አይቶ ያላከበረ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ለሆላንዱ የአየር መንገድ ለኬ.ኤል.ኤም. በአብራሪነት ሠሩ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወጋች ጊዜ ሥራቸውን ትተው ለፊንላንድ በረሩ፤ ለመንገደኛ የተሠራ ዲ.ሲ. 2 አይሮፕላንም ለቦምብ መጣያ ተለውጦ አገልግሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ለመዋጋት ቢጠይቁ፣ ከጎሪንግ ጋር ባላቸው ዝምድና ምክንያት ሳይፈቀድላቸው ቀረ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት አየር ኃይሉን በስዊድን ርዳታ እንደገና ለማቋቋም በወሰነ ጊዜ፣ ሥራውን እንዲመሩ የተመረጡት እርሳቸው ሆኑ። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ዋና አስተማሪ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ከተፈጸሙት ሁሉ የሚደነቀው የግንቦት 1939 ዓ.ም. በረራ ነው። ሳብ ሳፊር በምትባል፣ 145 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር ብቻ ባላት ትንሽ አይሮፕላን፣ ከስቶክሆልም ተነሥተው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። ርቀቱ 6220 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር፤ ይህም በአማካይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

የዚህን በረራ ክብደት ቀላል ስሌት ይገልጸዋል። ኮምፓሱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳትና ስሕተቱ ሳይታረም ቢቀር፣ በጉዞው መጨረሻ አይሮፕላኗ ከመንገዷ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ደግሞ፣ አብራሪው ካላወቀው በሦስት ሰዓት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቶ ይወስደዋል። ሜዳ በሆነ አገር ይህ የነዳጅ ኪሣራ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን ሸለቆ ነው ተብሎ በታሰበበት ቦታ ተራራ ማግኘት ሊሆን ይችላል። ራዲዮ የሌለው ወይም ራዲዮው የተበላሸበት አብራሪ የሚቀረው ሰዓት፣ ኮምፓስ፣ የወንዞችና የተራሮች ቅርጽ፣ እንዲሁም የነዳጁን ልክ አውቆ በጊዜው ለመመለስ የሚያስችል ፍርድ ነው። ከእነዚህም በመሣሪያ ሠሪ እጅ የማይሠራው የመጨረሻው ነው።

በ1948 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያን ከለቀቁ በኋላ ለአንድ የስዊድን አየር መንገድ ይበሩ ጀመር። በኮንጎ ቀውስ ወቅትም የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድን ካበረሩት አንዱ ነበሩ። ሐመርሾልድ በአዲስ አበባ የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በካዛንቺስ አጠገብ የሚገኘው የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካ በ1951 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በእርሳቸው ዘመን ነው። መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም. የዋና ጸሐፊው አይሮፕላን በእንዶላ አቅራቢያ ወድቃ ተሳፋሪዎቿ ሲያልቁ፣ ፎን ሮዘን ታመው ስለነበር በዚያ በረራ ላይ አልነበሩም።

በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በናይጀሪያ የርስ በርስ ጦርነት ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ ርዳታ ጭነው፣ ከምድር እጅግ ዝቅ ብለው በመብረር የአየሩን ከበባ ሰበሩ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ግን ለልምምድ የተሠሩ 100 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን አምስት ጥቃቅን አይሮፕላኖች ሮኬት አስታጥቀው፣ የናይጀሪያን የአየር ጣቢያዎች የሚያጠቃ ጓድ መሩ። ርዳታ አቅራቢ የነበረ ሰው ተዋጊ መሆኑ ብዙ ያከራከረ ነገር ነው፤ ማከራከሩም ተገቢ ነው። በቆረም ምልክቱ ሳይከበርለት የቀረ አብራሪ የጦር መሣሪያ ሲያነሣ፣ ከእርሱ በኋላ እህል ጭኖ የሚበረውን ሁሉ ተጠርጣሪ ያደርገዋልና።

ሰውየው ወደ መጀመሪያው ሥራቸው የተመለሱት በኢትዮጵያ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በድርቁ ዘመን መኪና ወደማይደርስባቸው ተራራማ መንደሮች፣ በትንሽ አይሮፕላን ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት ሰቅሎ ዝቅ ብሎ በመብረር ያለ ጃንጥላ መጣልን በሥራ ላይ አዋሉ። ለጦርነት የተማሩትን ዝቅተኛ በረራ ለምግብ አደላ አዋሉት ማለት ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜም ርዳታ ለማድረስ ጎዴ ሳሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንገት ባደረሰው ጥቃት በምድር ላይ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር። ያረፉትም በዚያው በኢትዮጵያ አፈር ነው።

ከአርባ ዓመት በላይ የቆየውን ይህን የበረራ ዘመን ያሳለፈላቸው ድፍረት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ደፋር የነበሩ ብዙ አብራሪዎች በመጀመሪያው ደመና ቀርተዋል። እርሳቸውን ያቆያቸው የአይሮፕላናቸውን አቅም ልክ ማወቃቸው፣ መንገዱንም ከመነሣታቸው በፊት ማጥናታቸው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በዛሬው ጊዜ ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት የአብራሪውን ቦታ በጥቂት ሜትር ልክ ይነግረዋል። ምልክቱ ሲቋረጥ ግን፣ የደጋው አየር እንደዚያው እንደሳሳ፣ የክረምቱም ደመና በእንጦጦ ላይ እንደተጫነ ነው። በመሆኑም መሣሪያ የሚነድፍም ሆነ የሚጠግን መሐንዲስ፣ መሣሪያው በሚሠራበት ሰዓት ከሚሰጠው አገልግሎት እኩል፣ በሚከዳበት ሰዓት ለተጠቃሚው ምን እንደሚተውለት አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።