ኖርበርት ዊነር፦ የማሽን ዓላማና የተመራማሪ ኃላፊነት

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማኅበራዊ ጥቅም የማዋል ጥረት በጤና፣ በግብርናና በትምህርት መስኮች እየሰፋ ይገኛል። የዚህ ጥረት ሥነ ምግባራዊ መሠረት ብዙውን ጊዜ የዓላማው በጎነት ነው። ይሁን እንጂ በጎ ዓላማ ብቻውን በቂ ዋስትና ይሆናልን? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ በኖርበርት ዊነር ሕይወት አማካይነት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊነር በ1894 በሚዙሪ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ተወለደ። በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር የሆነው አባቱ ሊዮ ዊነር ልጁን በጥብቅ ሥርዓት አስተማረው። ልጁም በ14 ዓመቱ ከታፍትስ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ18 ዓመቱ ደግሞ ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በካምብሪጅ በበርትራንድ ረስል፣ በጎቲንገን በዳቪድ ሂልበርት ሥር ከተማረ በኋላ ከ1919 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሒሳብ መምህር ሆነ።

የአስተሳሰቡ መሠረት የተጣለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። የፀረ አውሮፕላን ጥይት ከዒላማው እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ተኳሹ ማነጣጠር ያለበት አውሮፕላኑ አሁን ባለበት ሳይሆን ወደፊት በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ዊነር ከመሐንዲሱ ከጁሊያን ቢግሎ ጋር ይህን የሚተነብይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። መሣሪያው ለውጊያ ባይበቃም፣ በ1942 በምስጢር የተዘጋጀው ዘገባ ያለፈን መረጃ በመተንተን መጪውን የመገመት ስታቲስቲካዊ ስልት አስገኘ። ከዚሁ ሥራ ማሽንም ሆነ ሕይወት ያለው ፍጡር ስሕተቱን በግብረ መልስ እያረመ ወደ ግቡ ይጓዛል የሚለው ሐሳብ ዳበረ፤ ዊነርም በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የጥናት መስክ ሳይበርኔቲክስ ብሎ ሰየመው።

በሂሮሺማና በናጋሳኪ የደረሰው ጥፋት ዊነርን ከራሱ ሙያ ጋር አፋጠጠው። ሥራውን የጀመረው ከናዚ ጥቃት ለመከላከል ነበርና ዓላማው በጎ እንደነበር አልተጠራጠረም። ሆኖም አንድ የሚሳይል ተመራማሪ የጦርነቱን ዘመን ዘገባ ቅጂ በጠየቀው ጊዜ፣ ስልቱ ከመጀመሪያው ዓላማው ተነጥሎ ለሌላ ተግባር ሊውል እንደሚችል ተገነዘበ። ጥያቄውንም አልቀበልም አለ፤ እምቢታውን የገለጸበት ደብዳቤ በጥር 1947 በአትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ታተመ። ይህ እርምጃ ግን ወሰን ነበረው። ዘገባው ራሱ በ1949 በመጽሐፍ መልክ ለሕዝብ ቀረበ። የአንድ ሰው እምቢታ ዕውቀትን አጥሮ ሊያስቀር እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዊነር በእምቢታ ብቻ አልተወሰነም። በ1949 ለአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪ ለዋልተር ሮይተር ደብዳቤ በመጻፍ፣ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩ ማሽኖች ሠራተኛውን ለሥራ አጥነት ሊዳርጉት እንደሚችሉ አስጠነቀቀ፤ ማኅበሩ አስቀድሞ እንዲዘጋጅም መከረ። ለውጡ የሚነካቸው ሰዎች ከውሳኔው በፊት ማወቅ አለባቸው የሚል መርሕ በዚህ ድርጊት ውስጥ ይታያል። በ1950 ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ ስጋት ለጠቅላላው አንባቢ አቀረበ። በተመሳሳይ ወቅት መስማት ለተሳናቸው ድምፅን ወደ ንክኪ የሚለውጥ ጓንት ለመሥራት ከባልደረቦቹ ጋር ሞከረ። ስለዚህ ዊነር የማሽን ተቃዋሚ አልነበረም።

በ1960 በሳይንስ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ለዛሬው ክርክር ይበልጥ ይቀርባል። በዚያ ጽሑፍ እንደተከራከረው፣ ማሽን የሚፈጽመው በልባችን የያዝነውን ሳይሆን የሰጠነውን ግብ ነው፤ ፍጥነቱ ከሰው በላቀ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱን ደርሶ ማረም አዳጋች ይሆናል። ለምሳሌ የሕክምና ፍላጎትን እንዲተነብይ የተሠራ ሥርዓት በግብነት የተሰጠው ያለፈው የሕክምና ወጪ ከሆነ፣ ድህነት ከሐኪም ቤት ያራቀው ሰው ጤነኛ መስሎ ሊቆጠር ይችላል። የሠሪው ቅንነት ይህን ስሕተት አያስቀረውም።

ዊነር በመጋቢት 1964 በስቶክሆልም አረፈ። በዚያው ዓመት የታተመው የመጨረሻ መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ።

ከሕይወቱ ለተመራማሪ የሚተርፉ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ለማሽኑ የተሰጠው ግብ በእርግጥ የታሰበው ነውን? ግቡን ሲወስኑ የሚነካቸው ሰዎች ተሰምተዋልን? ሥራው ከእጅ ከወጣ በኋላ ለምን ሊውል ይችላል? ዊነር ሦስተኛውን የጠየቀው ዘገባው ከተጻፈ በኋላ ነበር። የዛሬ ተመራማሪ ግን ሦስቱንም የምርምር ሐሳቡን በሚነድፍበት ጊዜ ሊጠይቅ ይገባዋል።