ከራደጋስት እስከ መቅደላ፦ የኤድዋርድ ዛንደር የዘር ሐረግ

ሰባት ቤት ትውልድ መቁጠር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በሁለት የኦስካር ሽልማቶች የሚታወቀው እንግሊዛዊ ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ በዚህ ልማድ ቢቆጠር፣ ገና ሰባት ቤት ሳይሞላ ከጎንደርና ከትግራይ መሳፍንት ዘመን ይደርሳል። የአባቱ እናት ማግዳሌና ትባላለች፤ የእርሷ እናት ካታሪና፣ የካታሪና አባት ደግሞ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር ነው።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1813 በአንሃልት ግዛት፣ ራደጋስት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሙያው ሥዕል ነበር። በ1847 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ የአገሩ ሰው የዕፅዋት ተመራማሪው ዊልሄልም ሺምፐር በትግራይ ከተቀመጠ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ግንብ የሚያንጽ፣ ምሽግ የሚያበጅ፣ የጦር መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። ሠዓሊውም ብሩሹን ሙሉ በሙሉ ባይጥልም፣ በውቤ አገልግሎት የግንባታና የውትድርና ባለሙያ ሆነ። ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጅ ወለደ።

በሰሜን ተራሮች የታነጸችው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሺምፐርና ዛንደር እጃቸውን ያሳረፉባት ሥራ ናት። ውቤ ዘውድ ሊጭኑባት አስበው ነበር። ይሁንና በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ውቤን ድል ነሡና፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለአንዱ ጌታ የተሠራው ለሌላው በዓለ ንግሥ ዋለ። ዛንደርም ትዳሩንና ልጁን ይዞ፣ ወደ አውሮፓ ከመመለስ ይልቅ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አገልግሎት መኖርን መረጠ።

ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብን አክባሪ ንጉሥ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አደረጉ። ከእነዚህ አንዱ በክራኮቭ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ሞሪትዝ ሆል ነበር። ሆል ወለተ ኢየሱስ የተባለችውን የዛንደርን ልጅ ካታሪናን አገባ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ የተሠራው በዚያው በጋፋት ነው። ነገር ግን ንጉሡ ከብሪታንያ ጋር ሲቃቃሩ፣ ለባለሙያዎቹ ክብር ያስገኘላቸው ጥበብ እግር ብረት ሆነባቸው፤ እጃቸው ስለተፈለገ መሄድ አልቻሉም።

በሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ፤ አውሮፓውያኑም ነጻ ወጡ። ነጻነቱ ግን ስደትም ነበር። ኢትዮጵያን ቤታቸው ያደረጉት ብዙዎቹ ባለሙያዎች ከጦሩ ጋር አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ከሃያ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖረው ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ። የልጅ ልጁ ማግዳሌናም የተወለደችው በዚያው በ1868 ነው፤ በቤተሰቡ እንደሚተረከው ስሟ የመቅደላ መታሰቢያ ነው።

የሆል ቤተሰብ የጀርመን ሰፋሪዎች በነበሩባት በያፋ፣ በፍልስጤም ምድር ተቀመጠ። ማግዳሌና እዚያ ሩሲያዊውን መኳንንት ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። በ1898 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ያፋ ሲደርሱ ያረፉት በኡስቲኖቭ ሆቴል ነበር። የማግዳሌና ወንድም ዳቪድ ሆል ደግሞ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ሆነ፤ የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ ፍለጋ በርሊን ተላከ። አያቱ ከጀርመን በመጣበት መንገድ፣ የልጅ ልጁ መሣሪያ ሊለምን ተጓዘበት።

የማግዳሌና ልጅ ዮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን በአየር ኃይል ተዋጋ፤ ኋላ ግን በለንደን ተቀምጦ ናዚዎችን በመቃወም ለብሪታንያ የስለላ አገልግሎት ሠራ። ልጁ ፒተር በ1921 ለንደን ውስጥ ተወለደ።

በታሪክ መጻሕፍት የሚነሡት ቤተ ክርስቲያን ያነጸው፣ መድፍ ያቀለጠው፣ ሆቴል የከፈተው ወንዱ ነው። ዛንደርን ከሆል፣ ሆልን ከኡስቲኖቭ ያስተሳሰሩት ግን ሴቶች ልጆች ናቸው። የሐረጉም መነሻ ከራደጋስት የመጣው ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳውን ባለአገር ያደረገችው ኢትዮጵያዊት ሚስቱም ናት።