አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የቡድን ባለቤትነት

ቤት የሚጸናው በምሰሶው ብርታት ብቻ አይደለም፤ የኔ ነው የሚለው ሰው ሲኖረው ነው። ባለቤት የረሳው ቤት ጣራው ያፈሳል፥ አጥሩም ይነቀነቃል። በላስታ ምድር ካንድ ድንጋይ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የኖረው የሠሪው ጥበብ ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ካህናቱና ምእመናኑ በየትውልዱ እንደ ገዛ ቤታቸው ስለ ጠበቁት ነው። በዚሁ ሰማዕት ስም የተጠራው የአዲስ አበባ የእግር ኳስ ማኅበርም ክፉውን ዘመን የተሻገረው በሕዝብ ፍቅር ነው። ይህንንም ለመረዳት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዘፈን ችሎታቸው የታወቁ፥ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። አባት በቃል ያገኙትን የሕዝብ ፍቅር ልጅ በእግር ኳስ አገኙት።

በ1928 ዓ.ም. በአራዳ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። ቡድኑን ያቋቋመው የሰፈር ልጆች ኅብረት ነው እንጂ የባለጸጋ ገንዘብ ወይም የመሥሪያ ቤት በጀት አልነበረም። ወራት ሳይቆጠሩ ግን ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስት ገዥዎች ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይጫወት ከለከሉ፤ የቡድኑንም ስም ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኙት። ስሙ ቢለወጥም ልቡ አልተለወጠም። ወጣቱ ይድነቃቸው በዚያ የመከራ ጊዜ ከጓደኞቻቸው ጋር ኳስ ሲጫወቱ፥ በሜዳው ዙሪያ የሚቆመው ሕዝብ ቡድኑን የተዋረደው ክብሩ መጽናኛ አድርጎ ያየው ነበር። አምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም፥ ለአምሳ ሰው ግን ጌጥ እንደ ሆነ፥ ቡድኑ የብዙ ሰው ስለ ነበረ ሸክሙ ቀለለ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ ስሙን መልሶ ከጦር ሠራዊቱና በከተማው ከሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ጋር ይወዳደር ጀመር፤ በ1942 ዓ.ም.ም ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ ላንድ ቡድን ብቻ ተጫወቱ፤ ለብሔራዊው ቡድንም ተሰልፈዋል።

ከተጫዋችነትም በላይ በአስተዳደር የሠሩት ሥራ ይበልጣል። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፥ ግብፅና ሱዳን በካርቱም የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሲያደርጉ፥ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ቀረች። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ፤ የዘር ልዩነትንም በልጅነታቸው በገዛ ሜዳቸው አይተውት ስለ ነበር ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዋጉት። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ቡድኑን ካዘጋጁት ሰዎች መካከል ነበሩ። በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ስላልተሰጣት አገሮቿ በአንድነት ሲቀሩ ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ፤ በ1962 ዓ.ም.ም ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተፈቀደላት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ግን ያደጉበት ቡድን ሌላ ፈተና ደረሰበት። በደርግ ዘመን ቡድኖች ሁሉ በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሥር እንዲሆኑ ሲደረግ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን አጥቶ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። ደጋፊው ግን በልቡ የቀድሞውን ስም ይዞ ቆየ፤ ጊዜው ሲለወጥም ስሙ ተመለሰ። ስለዚህ ባለቤትነት በወረቀት ሊተላለፍ ቢችልም ፍቅር እንደማይተላለፍ ታወቀ።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚወርድ ሰው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቅ ስታዲየም ያያል። የወልድያ ቡድን ግን በማግስቱ ዓመት ከዋናው ሊግ ወረደ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊጫወት በነበረበት ቀን ጠብ ተነሥቶ በሰው ላይ ጉዳት ደረሰ፥ ጨዋታውም ቀረ። እንግዲህ የድንጋይ ሕንፃ ብቻውን ቡድን እንደማይሆን፥ የደጋፊ ፍቅርም ወደ ጥላቻ ከተመለሰ የሚወደውን እንደሚያፈርስ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ በአገራችን ከሚገኙት ቡድኖች የሚበዙት የከተማ አስተዳደርን ወይም የመንግሥት ድርጅትን በጀት የሚጠብቁ ናቸው። በጀቱ ሲዘገይ የተጫዋቹ ደመወዝ ይዘገያል፤ ሹሙ ሲለወጥ አሳቡም ይለወጣል፤ ደጋፊው ግን በዝናምም በፀሐይም ከሜዳው አይጠፋም። እንግዲያውስ ከማንም ይልቅ የሚታገሠው ሰው ገንዘቡ እንዴት እንደ ወጣ የሚጠይቅበት፥ በማኅበሩም ምክር የሚሰማበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ቡድን የተሰጠው አስተዳዳሪ ደግሞ አደራ እንደ ተቀበለ ሰው ሒሳቡን በግልጽ ያሳይ፤ ደጋፊውም እንግዳውን ቡድን እንደ እንግዳ ያክብር።

አቶ ይድነቃቸው በሰፈር ልጆች መዋጮና በሕዝብ ፍቅር ከቆመ ቡድን ወጥተው የአፍሪካ መሪ ለመሆን በቁ። በላስታ ደጋ የጨርቅ ኳስ የሚያባርር ልጅም እንደርሳቸው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳድገው ቡድን፥ ቡድኑንም በእውነት የኔ ነው የሚል ባለቤት ያስፈልገዋል።