የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪክ

ከሰመራ በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ በደም ካንሰር የታመመ ልጃቸውን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚያደርሱ ወላጆች ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር። ስለኚህ ሐኪም እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ጉዞ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሸሪክ በ1857 በጀርመን አገር በአንስባክ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ተቅማጥ ሕፃናትን እንደ ቅጠል ያረግፍ ነበርና፣ በሙኒክ ሳሉ የአራስ ልጆችን ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ይመረምሩ ጀመር። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሥራውን ስንሰማው እንኳ እንጸየፋለን፤ እርሳቸው ግን አልተጸየፉትም። በ1885 በሕፃናት አንጀት የሚኖረውን፣ ዛሬ በስማቸው ኤሸሪኪያ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ገለጡ። ኋላ በግራዝ አስተማሩ፤ ከ1902 ጀምሮ በቪየና የቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታልን መሩ፤ እናቶች ጡት እንዲያጠቡም አጥብቀው ይመክሩ ነበር። በ1911 ዐረፉ።

ባክቴሪያው መድኃኒት እንደሚወጣው ሳያውቁ ሞቱ። በ1964 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከዚሁ ባክቴሪያ የተገኘ አስፓራጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም በአይጥ ላይ የበቀለን ዕጢ እንደሚገታ አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዙው የሉኬሚያ ሕዋስ አስፓራጂን የተባለውን ምግቡን ራሱ አብቃቅቶ መሥራት ስለማይችል ከደም ይለቅማል፤ ኢንዛይሙ ያንን ሲያጠፋበት በረኃብ ይሞታል። ጤነኛው ሕዋስ ግን የራሱን ይሠራል። ባክቴሪያው እንደ ጠላ ጥንስስ በትልልቅ የብረት ጋኖች ይራባል፤ ኢንዛይሙም ተጣርቶ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በመርፌ ይሰጣል። ባዕድ ነገር ነውና የአንዳንዱ ልጅ ሰውነት ይቆጣዋል።

ኤሸሪክ የመሩት የቪየና ሆስፒታል ዛሬ ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ያክማል።