ጥልፍ የተማረው ሐኪም፦ አሌክሲስ ካሬል

በዚህ ዓምድ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ ልማዳችን ነው። የዛሬውን ስንመርጥ ግን በመካከላችን ክርክር ተነስቶ ነበር። ግማሾቻችን ይጻፍ አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የለም፣ እንዲህ ያለ ሰው ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም አልን። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን አንድ ጥያቄ እናንሳ። አንድ ጤነኛ ሰው ምንም ሳያመው፣ ለወንድሙ ወይም ለልጁ ሲል ተኝቶ በቢላዋ ተቀዶ አንዱን ኩላሊቱን ይሰጣል እንበል። ኩላሊቱ ከአንዱ አካል ወጥቶ ሌላው አካል ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ከተበላሸ እኮ ለጋሹ በከንቱ ተቀደደ፣ በሽተኛውም ተስፋው ተቆረጠ ማለት ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ፈልገን ወደ ኋላ ስንሄድ ያገኘነው አሌክሲስ ካሬልን ነው።

ካሬል በሰኔ ወር 1873 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተባለችው ከተማ አጠገብ ተወለደ። ሊዮን የታወቀች የሐር ከተማ ናት። አባቱ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ካሬል አድጎ በሊዮን ሕክምና ይማር ጀመር።

በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮንን ሊጎበኝ መጥቶ ሳለ በሰረገላው ላይ እንደተቀመጠ በጩቤ ተወጋ። ጩቤው ወደ ጉበት የሚሄደውን ትልቅ የደም ሥር በጥሶት ነበር። ስመ ጥር ሐኪሞች ቢሰበሰቡም ምን ዋጋ አለው! በዚያን ጊዜ የተበጠሰ ትልቅ የደም ሥር መልሶ ለመስፋት አስተማማኝ ዘዴ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቱ ሞተ። ወጣቱ ካሬል ይህ ነገር ከነከነው። ጨርቅ የሚሰፋ ከሆነ የደም ሥር የማይሰፋው ለምንድን ነው ሲል አሰበ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ፕሮፌሰሮቹ አልሄደም። ማዳም ሌሩዲዬ ወደተባሉ የሊዮን ጥልፍ ጠላፊ ሄዶ መርፌ አያያዝ ተማረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እጅግ ቀጭን መርፌና ቫዝሊን የተቀባ የሐር ክር ይዞ ሌት ተቀን ተለማመደ። በ1902 ዓ.ም. ዘዴውን ጽፎ አወጣ።

ዘዴው ጂኦሜትሪ ለምናስተምር ሰዎች ደስ የሚል ነው። የሁለቱን ቧንቧዎች አፍ ገጥሞ በእኩል ርቀት በሦስት ቦታ ይሰፋቸዋል። ሦስቱ ክሮች ሲወጠሩ ክቡ አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ክብ ነገር ከመስፋት ሦስት ቀጥ ያሉ ጠርዞችን መስፋት ይቀላል። የሹራብ እጅጌያችሁን ጫፍ በሦስት ጣት ወጥራችሁ ሞክሩት። ዋናው ቁም ነገር ግን የቧንቧው የውስጥ ገጽ ለስላሳነቱን እንዳያጣ ነው። ውስጡ ከተቧጨረ ደም እዚያው ይረጋል፤ ቧንቧው ይደፈናል፤ ደም የተቋረጠበት ኩላሊትም ይሞታል።

ካሬል በአገሩ ስላልተመቸው በ1904 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በመጀመሪያ በቺካጎ ከቻርልስ ጉትሪ ጋር፣ ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ሠራ። የውሾችንና የድመቶችን ኩላሊት እያወጣ፣ ደማቸውን በጨው ውሃ መሰል ፈሳሽ እያጠበ ሌላ እንስሳ ላይ ይተክል ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። የእንስሳው የራሱ ኩላሊት ወጥቶ ተመልሶ ሲተከል ይሠራል። የሌላ እንስሳ ሲሆን ግን ጥቂት ሠርቶ ይበላሻል። እንግዲህ ጥፋቱ የስፌቱ አልነበረም፤ ሰውነት ባዕድን አልቀበልም ስለሚል ነው።

በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ደሟ እየፈሰሰ ልትሞት የደረሰች አራስ ሕፃን ነበረች። ካሬል አባትየውን አጠገቧ አስተኝቶ የክንዱን ደም ቅዳ ከሕፃኗ የእግር ደም መልስ ጋር ሰፍቶ አገናኘው። የአባት ደም ወደ ልጅ ፈሰሰ፤ ልጅቷም ዳነች። በ1912 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኬሚስቱ ሄንሪ ዴኪን ጋር ሆኖ የቆሰሉ ወታደሮችን ቁስል ማጠቢያ ዘዴ አወጣ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ካቋረጠው ከቻርልስ ሊንድበርግ ጋር፣ ከሰውነት የወጣ አካል ፈሳሽ እየተገፋለት እንዲቆይ የሚያደርግ ፓምፕ አሳየ።

ካሬል ያሰበው ነገር በሰው ላይ ፍሬ ያፈራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በፓሪስ አንዲት እናት ለልጇ ኩላሊት ሰጠች፤ ኩላሊቱ የሠራው ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሬይና ጓደኞቹ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለሌላው ተከሉ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ሰውነቱ አልገፋውም፤ በሽተኛው ስምንት ዓመት ኖረ። ልብ በሉ፣ ያ ኩላሊት 82 ደቂቃ ያህል ያለ ደም ቆይቶ ነበር፤ እንደ ዛሬው አልቀዘቀዘም።

ዛሬ እንዲህ ለዕድል አይተውም። ደም የተቋረጠበት ኩላሊት በሰውነት ሙቀት ላይ ከቆየ ሕዋሳቱ ኦክሲጅን አጥተው ይጎዳሉ። ሲቀዘቅዝ ግን እሳቱ እንደተቀነሰ ምድጃ ሥራቸው ስለሚቀንስ ፍላጎታቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የለጋሹ የደም ግፊት እንዳይወርድ በቂ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተለመደው፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በማውጣት ዘዴ፣ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ግፊቱ በልክ ይደረጋል። የደም ሥሮቹ የሚቆረጡት ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ነው። ኩላሊቱ እንደወጣ 4 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ይታጠባል፤ በበረዶ ተከቦ ወደሚጠብቀው በሽተኛ ይወሰዳል። እዚያም ስፌቱ ይቀጥላል፤ የስፌቱ ሥር የካሬል ሥራ ነው። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሕያው ለጋሽ ኩላሊት መትከል ተጀምሯል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ካሬል የዶሮ ልብ ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል ብሎ ነበር፤ ሌሎች ሲሞክሩት ሊደገም አልቻለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌናርድ ሄይፍሊክ ጤነኛ ሕዋስ የሚከፋፈልበት ወሰን እንዳለው አሳየ። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል። የከፋው ሌላ ነው። በ1935 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ ሰዎችን በዘር ብልጫ መምረጥ ተገቢ ነው አለ። አንዳንድ ወንጀለኞችና የአእምሮ ሕመምተኞችም በጋዝ ይወገዱ የሚል ሐሳብ ጻፈ። ጀርመን ፈረንሳይን በያዘች ጊዜም ከቪሺ መንግሥት ጋር ሠራ። በኅዳር 1944 ዓ.ም. በፓሪስ ሲሞት ከጠላት ጋር ተባብሯል የሚል ክስ በላዩ ነበር። በስሙ ተሰይሞ የነበረው የሊዮን የሕክምና ፋኩልቲም በ1996 ዓ.ም. ስሙ ተቀየረ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ተማሪዎቻችን ፊት እንዴት እናቅርበው? ነገ ክፍል ስንገባ ይኸው ጥያቄ ይገጥመናል። እኛ ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው። ክፋቱን ደብቀን ብናስተምር ዋሸን፤ ሥራውን ደብቀን ብናስተምርም ዋሸን። ያች መርፌ ስንቱን አድናለች፤ የያዛት ሰው ግን በብዕሩ የደካሞችን ሞት ጠይቋል። ለወንድሙ ሲል ጤነኛ ገላውን የሚሰጠው ለጋሽ ደግሞ ያንን ጽሑፍ ያለ አንድ ቃል ያፈርሰዋል፤ የታመመው ሰው ዋጋ አለው ብሎ ነዋ የሚሰጠው!

በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።